ኤዲኤችዲ ያለበት አዋቂ ሰው ሥራ መጀመር ሲያቅተው እንዴት ማገዝ ይቻላል

ታናሽ ወንድሜ የሌላ ሰው የተዘበራረቀ መዝገብ ሲሰጡት በአንድ ቀን አስተካክሎ የሚመልስ የሒሳብ ባለሙያ ነው። የራሱን ሱቅ ደረሰኞች ግን በሁለት ፌስታል አጭቆ ለአምስት ወራት ከአልጋው ሥር አስቀምጧቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ዛሬስ እጀምራለሁ ብሎ ይነሣል፤ ማታ ፌስታሎቹ እንደታሰሩ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም እንደዋለ ሰው ዝሎ እናገኘዋለን። እኔን ጨምሮ ቤተሰቡ በሙሉ ስንፍና ነው ብለን ነበር፤ ነገር ግን ሰነፍ ሰው ሥራውን ሲተው ያርፋል፣ ወንድሜ ግን አንድም ቀን አላረፈም። ሐኪም ኤዲኤችዲ እንዳለበት የነገረው በ34 ዓመቱ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው እሱንና ከእሱ በኋላ ሌሎች አዋቂዎችን ሳግዝ የተማርኩትን ነው።

አንደኛ፦ ምርመራውን ለሐኪም ይተዉ

ኤዲኤችዲ ከልጅነት የሚጀምር የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዕድሜው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ሰው ላይ ከትኩረት ማነስ ወይም ከመቅበጥበጥ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ እንዲታዩና ከምልክቶቹ የተወሰኑት ከ12 ዓመት ዕድሜው በፊት የነበሩ እንዲሆኑ ይጠይቃል። የእንቅልፍ እጦት፣ ድብርትና የታይሮይድ ሕመም ተቀራራቢ ገጽታ ስላላቸው ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ብቻ ነው። ኮቺንግ የሚባለው፣ ሰው ያሰበውን ሥራ እንዲጀምርና እንዲፈጽም ከጎኑ ሆኖ የማገዝ ሥራ ሕክምና አይደለም፤ በአብዛኞቹ አገሮችም ማንም ሰው ራሱን ኮች ብሎ ከመጥራት የሚከለክለው ሕግ ስለሌለ፣ የታዘዘ መድኃኒት እንዲቋረጥ ከሚመክር ሰው መራቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ አስቀድመው ይስማሙ

ምን እንደሚጠይቁት፣ በስንት ሰዓት እንደሚደውሉና ሳይሠራ ቢቀር ምን እንደምትሉ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ይህን ባለማድረጌ ወንድሜን ጎድቼዋለሁ። ሰዓት በሰዓት የተከፋፈለ ሠንጠረዥ በራሴ እጅ አዘጋጅቼ ሰጠሁትና በየማለዳው እየደወልኩ "ጀመርክ?" እለው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ማንሣቱን አቆመ። እኔም ተበሳጭቼ እሱ በሌለበት አንደኛውን ፌስታል ወስጄ ራሴ ሠራሁት። በኋላ "እትዬ፣ አልችልም ብለሽ ፈረድሽብኝ" አለኝ። እንደገና አብሮኝ ለመቀመጥ ሁለት ወር ፈጀበት። ስለዚህ ሥራውን አይሥሩለት፤ "ለምን አልጀመርክም?" ብለውም አይጠይቁት፤ ለራሱ በየቀኑ የሚያቀርበው ጥያቄ ነውና።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያዋን እንቅስቃሴ ፈልጋችሁ አግኙ

አንድ ሥራ ብቻ እንዲመርጥ ካደረጉ በኋላ ዋናው ድካም እዚህ ላይ ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራን አቅዶ ያስጀምራል፤ ለዚህ የሚረዳውን ግፊት ከሚያስተላልፉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ዶፓሚን ነው። ኤዲኤችዲ ባለበት ሰው ዘንድ ጥቅሙ ሩቅ የሆነ ሥራ፣ ምንም ያህል አስፈላጊ ቢሆን፣ በቂ ግፊት አይፈጥርም፤ የሚያንቀሳቅሰው ቅርብ፣ አዲስ ወይም አጣዳፊ የሆነው ነገር ነው። የሥራውን አስፈላጊነት ደጋግሞ ማስረዳት ፋይዳ የማይኖረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አስፈላጊነቱንማ እሱ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

"ሒሳቡን መሥራት" እንቅስቃሴ አይደለም። "ደረሰኞቹን መለየት" የሚለውም ገና አይደለም፤ በወር ነው በዓይነት የሚለየው የሚል ውሳኔ በውስጡ ተደብቋልና። እኔ የምጠቀምባቸው መመዘኛዎች ሁለት ናቸው። በመስኮት በኩል የሚያይ፣ ስለ ሥራው ምንም የማያውቅ ሰው ድርጊቱ መፈጸሙን ማየት መቻል አለበት፤ ድርጊቱን ለመፈጸምም አንድም ነገር መወሰን ሊያስፈልግ አይገባም። ፌስታሉን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ ሁለቱንም ያሟላል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው የተቀባዩን ስምና ሰላምታውን ብቻ መጻፍ ያሟላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰውየው አሁንም ከቆመ፣ "እጅህ የሚቆመው ምን ላይ ስትደርስ ነው?" ብለው በእርጋታ ይጠይቁትና መልሱን ሳያቋርጡ ያድምጡ። ወንድሜን ይህን ስጠይቀው ብዙ ዝም ካለ በኋላ አንድ ደረሰኝ አወጣ። ቀለሙ ደብዝዞ ቀኑም ዋጋውም አይነበብም። ፌስታሉን በከፈተ ቁጥር ከላይ የሚያገኘው ይህንኑ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጠው ስለማያውቅ መልሶ ያስረዋል። አምስት ወር ሙሉ የያዘው ያች አንዲት ወረቀት ነበረች። ባዶ የጫማ ካርቶን አምጥተን "አላውቅም" ብለን ጻፍንበት፤ የደበዘዘውን ደረሰኝ እዚያ ጣለው፤ በዚያው ዕለት የሦስት ወሩን ለይቶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳግዝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያልተወሰነ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አዘጋጃለሁ። በወረቀት ሥራ ላይ ካርቶን፣ በጽሑፍ ሥራ ላይ ደግሞ የተለየ ገጽ ይሆናል።

አራተኛ፦ ከለመደው ድርጊት ጋር እሰሩት

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ "ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ መወሰን ሐሳብን ወደ ተግባር እንደሚያሻግር አሳይቷል። "3 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ" የሚለው ግን ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው ደካማ ነው፤ ሰዓቱ ሳይታወቀው ያልፋልና። በእጅ በሚነካ ነገር ላይ ቢታሰር ይሻላል፦ "የአቦሉን ስኒ ረከቦቱ ላይ ስመልስ ፌስታሉን እፈታለሁ።"

አምስተኛና ስድስተኛ፦ አብሮ መቀመጥና ሰዓት መሙላት

ገበሬ በደቦና በወንፈል ሲያርስ የሚያገኘውን ብርታት እናውቀዋለን፤ ሰው ባለበት እጅ ይፈታል። በዚያው ክፍል የራስዎን ሥራ ይዘው ይቀመጡ፤ አይመልከቱት፣ አያርሙት። ርቀት ካለ ቪዲዮ ከፍቶ ድምፅን ዘግቶ መሥራትም ያግዛል። ለሰዓቱ ስልክ አልመክርም፤ ማንቂያውን ለመሙላት የተከፈተ ስልክ ቴሌግራም ላይ ያሳድራልና። በእጅ የሚሞላ የወጥ ቤት ሰዓት ይግዙ። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያስተዋወቀው 25 ደቂቃ ሠርቶ ጥቂት የማረፍ ዘዴ ለብዙ ሰው ቢጠቅምም ለጀማሪ ረጅም ነው፤ እኔ የማስጀምረው በ10 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲጮህ ሥራው ከያዘው ግን አያስቁሙት። ያልተሳካበት ቀን ሲመጣ እንቅስቃሴዋን ይበልጥ አሳንሳችሁ በማግስቱ ሞክሩ።

ከመነሣቱ በፊት ደግሞ ነገ የሚጀምርባትን እንቅስቃሴ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወንድሜ "የመጋቢትን ክምር ከላይ ወደ ታች ደምር" ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ክምሩ ላይ ያደርግና ንፋስ እንዳይወስደው ካልኩሌተሩን ይጭንበታል።