የመኪናዎ የኋላ በር አልቆም ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መናኸሪያ ውስጥ የሚኒባስ የኋላ በር በእንጨት ተደግፎ ዕቃ ሲጫን ማየት ብርቅ አይደለም። ረዳቱ ግማሽ አካሉን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሻንጣ ይደረድራል። የሃይኤስ የኋላ በር ትልቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ መስታወትም አለው። እንጨቱ ከተንሸራተተ የሚያርፈው ማጅራቱ ላይ ነው። ቪትዝም ይሁን ሌላ የቤት መኪና አደጋው ያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በሩ ሥር የሚቆሙት ልጆች ናቸው።

በሩን ደግፈው የሚይዙት ግራና ቀኝ ያሉት ጥቋቁር ጋዝ ሾኮች ናቸው። ውስጣቸው በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን እና ጥቂት ዘይት አለ። ጋዙ ቀጭኑን ዘንግ ከወፍራሙ ሲሊንደር ወደ ውጭ ይገፋል። ዘይቱ ጋዙ እንዳይወጣ ዘንጉ ዙሪያ የሚያሽገውን ጎሚኒ ያረጥባል፤ በሩ ተከፍቶ ሊያልቅ ሲልም ፍጥነቱን ያበርዳል።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይመረምሩ ሾክ ለመግዛት መሮጥ ነው። በሩ ተከፍቶ አልቆም ካለ፣ አዎ፣ ሾኩ ደክሟል። ሲከፈትም ሲዘጋም እኩል የሚታገል ከሆነ ግን መጀመሪያ ማጠፊያውን ይጠርጥሩ። ሰው በሩን አጥብቆ ይያዝልዎትና ሾኮቹን አውልቀው በሩን በእጅ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። አሁንም ከተንገራገጨ ችግሩ አቧራ የጠጣው ማጠፊያ ነው። ይጽዳ፣ ግሪስ ይቀባ፣ ወጪው በዚያው ያበቃል። ሌላም ምልክት አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የሾኩ ጉልበት ከ3 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ በኅዳር ጠዋት ቁልቁል የሚመጣ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን የሚቆም በር ካለዎት ሾኩ መዳከም ጀምሯል ማለት ነው። እስኪለይለት አይጠብቁ።

ግሪሱ ለማጠፊያው ነው እንጂ ለሚያብረቀርቀው ዘንግ አይደለም። ዘንጉ ላይ የተቀባ ግሪስ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራው ጎሚኒውን ይበላዋል። ዘንጉን በፒንሳ መያዝማ ጨርሶ አይሞከርም። አንድ ጭረት ጋዙን ለማስወጣት በቂ ነው።

ብቻን ሆኖ መሥራት ሌላው ስህተት ነው። አንድ ሰው በሩን ይያዝ፣ ከሥሩም የማይንሸራተት ጠንካራ ድጋፍ ይቁም። በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ሾኩ ሲወልቅ አይፈናጠርም። በብዙ መኪኖች ላይ የሾኩ ጫፍ በቀጭን ብረት መያዣ ተይዟል። በትንሽ ካቻቢቴ ፈንቀል ማድረግ ይበቃል፤ ነቅለው ካወጡት ይጠፋል ወይም ይጣመማል። አንዱን አውልቀው አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ብቻ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ።

አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው ግን ግዢው ላይ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የቪትዝ ስጠኝ» ማለት አይበቃም፤ የአንዱ ዓመት ሞዴል ለሌላው ላይሆን ይችላል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከአንዱ ጫፍ መሐል እስከ ሌላው ጫፍ መሐል ይለኩ። ዘንጉ ብቻውን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወጣም ይለኩ። የጫፎቹን ቅርጽ ያስተያዩ። ከዚያ ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ጉልበት በኒውተን ያንብቡ፤ 400 ኒውተን ማለት ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ነው። የረዘመ ሾክ ማጠፊያውን ያስጨንቃል፣ በሩም ላይዘጋ ይችላል። ያጠረው በሩን አጋማሽ ላይ ያስቀረዋል። ያገለገለ ሾክ ደግሞ እኔ አልመክርም። ስንት ጋዝ እንደቀረው በዓይን አይታይም።

«ጠንከር ያለ ይሻላል» የሚለው ምክር ብዙ በር አበላሽቷል። ከልክ በላይ የሚገፋ ሾክ ማጠፊያውን ያጣምማል፣ መያዣ ብሎኖቹን ከቆርቆሮው ይነቅላል። በሩም ሲከፈት ተስፈንጥሮ አገጭ ይመታል። የተጻፈው 400 ከሆነ 400 ይግዙ።

አንዱን ብቻ መቀየርም አያዋጣም። አዲሱና ደካማው እኩል ስለማይገፉ በሩ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል።

ሲገጥሙ አቅጣጫውን ልብ ይበሉ። አምራቹ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በሩ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች፣ ወፍራሙ ሲሊንደር ወደ ላይ መሆን አለበት። ዘይቱ ጎሚኒው ላይ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው። የተገለበጠ ሾክ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን ጎሚኒው ደርቆ ጋዙ ቶሎ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጉ በሩን አይወርውሩት። በእጅ ቀስ ብለው ያውርዱትና ሾኩ ከቆርቆሮው ወይም ከመስታወቱ ጋር እንዳይነካካ ይዩ።

የቀረው አሮጌው ሾክ ነው። «በስቼ ጋዝ ልሙላልህ» የሚል ካገኙ አይስማሙ። በሩን ማንሳት ያቃተው ሾክም ቢሆን ውስጡ ብዙ ግፊት ሊቀረው ይችላል። አይበሳ፣ አይበየድ፣ በመጋዝ አይቆረጥ፣ እሳት ውስጥ አይጣል። ለቆራሌው ከሰጡትም ጋዝ እንዳለው ይንገሩት፤ እሱም ሆነ ከእሱ የሚገዛው ሰው በመዶሻ ሊሰባብረው ይችላል።