የወየበ ራቼት እንዴት መልሶ ይነጣል?

ራቼት የትራንስፎርመርስ፣ ማለትም ወደ መኪናና ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡት ሮቦቶች፣ ሐኪም ነው። ተጎድተው የመጡትን ኦቶቦቶች (ደጎቹን ሮቦቶች) ይጠግናል፤ ራሱ ደግሞ አምቡላንስ ይሆናል። የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ሀስብሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው አሻንጉሊት ግን ነጭ ነው፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። ነጭ ፕላስቲክ ብርሃንና ሙቀት ሲፈራረቅበት ቅቤ ይመስላል። በዚያው ቅርጽ የተሠራው ሌላው ሮቦት አይረንሃይድ ቀይ ስለሆነ ተርፏል።

መጀመሪያ በልኩ ካቻቢቴ ፍቱት። ብሎኑ ከተላጠ አበቃለት። እየፈታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። የወየበውን ነጭ ፕላስቲክ ብቻ ለዩና በሳሙና እጠቡ።

ስቲከሮቹን ተጠንቀቁ። ቀዩ መስቀል ብቻ አይደለም፤ የራቼት ፊትም ስቲከር ነው! አሻንጉሊቱ ቀድሞ የጃፓኑ አሻንጉሊት አምራች ታካራ ዲያክሎን በሚባለው የአሻንጉሊት መስመሩ ሥር የሠራው መኪና ነበር፤ ትንሽ ሹፌር እንዲቀመጥበት የታሰበ። ስለዚህ እንደ ካርቱኑ ጭንቅላት የለውም፤ ከመስታወቱ ጀርባ ወንበሩ ላይ የተለጠፈ ፊት ነው ያለው። ማንጫው ከነካው ቀለሙ ይለቃል።

አሁን ዋናው ሥራ። ፀጉር ቤቶች ለቀለም የሚጠቀሙበትን ክሬም ፐርኦክሳይድ ግዙ፤ 12 በመቶው ይበቃል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ቆዳ ያቃጥላል። ክሬሙን በብሩሽ እኩል ቀብታችሁ በስስ ላስቲክ ጠቅልሉና ፀሐይ ላይ አውጡ።

እኔ የመጀመሪያውን ቀብቼ፣ ጠቅልዬ፣ ምሳ ልበላ ገባሁ። ከምሳ በኋላም ትንሽ ጋደም አልኩ። ስመለስ ላስቲኩ ተኮማትሮ፣ ክሬሙ አንዳንድ ቦታ ደርቆ ነበር። ሳጥበው አንዱ በር የሜዳ አህያ መስሏል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ያ ዝንጉርጉር እስከዛሬ አልለቀቀም።

ስለዚህ አትራቁ። በየግማሽ ሰዓቱ ላስቲኩን ከላይ እያሻችሁ ክሬሙን አዳርሱ፣ ቁራጩን አገላብጡ፣ የደረቀ ካለ ጨምሩ። የቀትሩን ፀሐይ ተዉት፤ የጠዋቱ ይሻላል። ገንዘብ ካላችሁ ፈሳሹን ፐርኦክሳይድ ግልጽ ዕቃ ውስጥ ሞልታችሁ መንከር ከሁሉም ይበልጣል፤ እኩል ይነጣል። በረኪና የሚሏችሁን ግን አትስሙ።

ሲበቃው እጠቡ፣ አድርቁ፣ በፎቶው እየመራችሁ ግጠሙ። ቢጫው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ከመስኮት አርቁት። የእኔ መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ የተዥጎረጎረው በሩ ወደ ግድግዳው ዞሮ።