ናሳ ለግል የጠፈር ጣቢያ ገንዘብ ሰጠ ሲባል ዜናውን እንዴት እናንብበው?

መጀመሪያ «እስከ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ፤ ቁጥሩ ከፍተኛው መጠን ብቻ ነው ማለት ነች። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ናሳ ለብሉ ኦሪጂን 130፣ ለናኖራክስ 160፣ ለኖርዝሮፕ ግራማን ደግሞ 125.6 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ ሲባል፣ ቼክ ቆርጦ ያስረከባቸው ይመስላል። አይደለም። ቤት ስታሠሩ ለተቋራጭ እንደምትከፍሉት ነው፤ መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፣ ቆርቆሮ ሲመታ ይህን ያህል። እዚህ እንዲያውም ገና ግንባታም የለም፣ አብዛኛው ክፍያ የሚለቀቀው ዲዛይኑ ደረጃ በደረጃ ተገምግሞ ሲያልፍ ነው።

ቀጥሎ፣ ቀሪውን ማን ይሸፍናል ብላችሁ ጠይቁ። መንግሥት የሚያዋጣው ከፊሉን ብቻ ነው፣ ሌላውን ኩባንያው ከኪሱ ወይም ከባለሀብት ያመጣል። ካላመጣስ? በ2006 ናሳ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጭነት የሚያመላልስ መንኮራኩር እንዲሠሩ ስፔስኤክስን እና ሮኬትፕሌን ኪስትለርን መርጦ ነበር። ኪስትለር ከባለሀብቶች ማግኘት የነበረበትን ገንዘብ በቀጠሮው ማሟላት ስላቃተው በዓመቱ ውሉ ፈረሰ። እኔ በበኩሌ የባለሀብቱ ስም የሌለበትን ዜና ብዙም አላምንም።

ቀኑንም እዩ። የ2021ዱን ዝርዝር ዛሬ የሚያጋራ ሰው አይጠፋም፣ ግን ኖርዝሮፕ በ2023 የራሱን ጣቢያ ትቶ ወደ ስታርላብ፣ ማለትም ናኖራክስ ወደጀመረው ጣቢያ፣ ተቀላቅሏል፤ ከዚያ በኋላ ለስታርላብ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ወደ 217.5፣ ለብሉ ኦሪጂን ወደ 172 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ጣቢያው ካለቀ በኋላ ናሳ ምን ያህል ይከራያል የሚለው ነው። ዓለም አቀፉን ጣቢያ ለማንቀሳቀስ፣ የሰውና የጭነት ማመላለሻውን ጨምሮ፣ በዓመት ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ይወጣል፤ የታሰበው በ2030 ጡረታ አውጥቶ በሌላ ሰው ቤት ተከራይ መሆን ነው። (በነገራችን ላይ አሮጌውን ጣቢያ ገፍቶ ውቅያኖስ ላይ ለሚጥለው መንኮራኩር ስፔስኤክስ የተፈቀደለት እስከ 843 ሚሊዮን ነው፤ በ2021 ለሦስቱ በድምሩ ከተመደበው እጥፍ ይበልጣል!) በ2025 ናሳ መስፈርቱን ሲያለዝብ፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይኑርበት የሚለውን ትቶ ዝቅተኛውን 4 ሰው ለአንድ ወር አደረገው። ይህ ለሠሪው ወጪ ይቀንስለታል፣ ግን የሚያገኘው ኪራይም ያንሳል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ለውጥ ስታዩ ከሚሊዮኖቹ ቁጥር በፊት እሱን አንብቡ፤ ሄቨን-1 የተባለውን ጣቢያ በራሱ ገንዘብ የሚሠራው ቫስት የተባለ ኩባንያ እንኳ ለቀጣዩ ጣቢያው ለሄቨን-2 ዓይኑ ናሳ ላይ ነው።