ጃፕቼ፦ የበሬ ሥጋ ያለበት የኮሪያ ኑድል ለራት

ጃፕቼ ኮሪያውያን ለልደት፣ ለሠርግና ለበዓል የሚያዘጋጁት ምግብ ስለሆነ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደክም ሥራ ይመስለዋል። ለ4 ሰው የሚበቃውን ግን አንድ ድስትና አንድ ሰፊ መጥበሻ ይዞ በ45 ደቂቃ ማድረስ ይቻላል። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ሁሉን በአንዴ መጥበሻ ላይ መገልበጥ ምግቡን ያበላሸዋል። ጊዜ የሚቆጥበው ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

በኮሪያኛ «ጃፕ» የተደባለቀ፣ «ቼ» ደግሞ አትክልት ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በቤተ መንግሥት ይቀርብ የነበረው ጃፕቼ ኑድል አልነበረበትም፤ ኑድሉ የተጨመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ኑድሉ ሳህኑን መሙላት የለበትም። ከታች ባለው መጠን ሥጋውና አትክልቱ ተደምረው ከደረቁ ኑድል ሦስት እጥፍ ገደማ ይመዝናሉ፤ ከዚህ ብዙ አታሳንሱት።

ኑድሉ ዳንግምየን ይባላል። የሚሠራው ከስኳር ድንች ስታርች ነው፤ ደረቅ ሳለ ግራጫ ነው፣ ሲበስል ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲታኘክም ይለጠጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ የስኳር ድንች ስታርች መባሉን አረጋግጡ። ከማሾ የሚሠራው ቀጭን ኑድል ተመሳሳይ ይመስላል፤ ነገር ግን መጥበሻ ላይ ሲገላበጥ ይበጣጠሳል። የሩዝ ኑድልም እንዲሁ ነው። ፓስታ ብትጠቀሙ የሚበላ ራት ታገኛላችሁ፣ ያ መለጠጥና ማብረቅረቅ ግን አይኖረውም። ዳንግምየን በውጭ አገር የኮሪያና የኤስያ ሱቆች በቀላሉ ይገኛል።

ሶያ ሶሱ ላይ ተጠንቀቁ። ለዚህ የሚሆነው ጂንጋንጃንግ የሚባለው የተለመደው የኮሪያ ሶያ ሶስ ነው። ጉክጋንጃንግ ለሾርባ የሚሆን ነው፤ መልኩ ፈዘዝ ያለ፣ ጨውነቱ ግን የበረታ ስለሆነ በዚህ መጠን ከገባ ምግቡ አይበላም። ወፍራሙ ጥቁር የቻይና ሶያ ሶስም ኑድሉን ያጠቁረዋል። የሰሊጥ ዘይቱ ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ፣ ቡናማ መልክ ያለው መሆን አለበት። ካልተቆላ ሰሊጥ የወጣው ነጣ ያለ ዘይት የጃፕቼን ሽታ አይሰጥም። ሌላ ካጣችሁ ጥሩ ሰሊጥ (የሁመራው በጣም ይሆናል) በደረቅ መጥበሻ ቁሉና ወቀጥ ወቀጥ አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ አብዝታችሁ ነስንሱበት፤ ሽታው ይመለሳል።

ለ4 ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 250 ግራም ዳንግምየን፣ 250 ግራም ሥጋ፣ 150 ግራም ስፒናች፣ 1 ትልቅ ካሮት፣ 1 ትልቅ ሽንኩርት፣ 150 ግራም እንጉዳይ (ሺታኬ ቢሆን ይመረጣል፤ የደረቀ ከሆነ 6 ፍሬ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉና ውሃውን አትድፉት)፣ 2 እንቁላል፣ የተቆላ ሰሊጥና ለመጥበሻ የሚሆን ዘይት። ስፒናች ከሌለ የቆስጣ ቅጠል ያለ አገዳው ይተካዋል።

ለሥጋው ማሻ (ሥጋው የሚታሽበት ቅመም) 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 ፍንካች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይትና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ አዋህዱ። ለኑድሉ ለብቻ 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ። እንጉዳይ የዘፈዘፋችሁበት ውሃ ካለ ከቧንቧው ውሃ ይበልጣል።

ሥጋው ሽንጥ ወይም ፊሌቶ ይሁን። በረዶ ማስቀመጫ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ቢቆይ (ይህ ከ45 ደቂቃው ውጭ ነው) ጠጠር ስለሚል በቀጭኑ ለመቁረጥ ይመቻል። የጭረቱን (የሥጋው ክሮች የተዘረጉበትን) አቅጣጫ ተመልከቱና ቢላውን አቋርጣችሁ አሳልፉ፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጭረቱን ተከትሎ የተቆረጠ ሥጋ ከዚህ ኑድል ጋር ጅማት ሆኖ ይቀራል። እንደ ጥብስ በኩብ የተቆረጠው ደግሞ ከኑድሉ ጋር አይያያዝም፤ ሳህኑ ሥር ይሰበሰባል። ማሻውን ቀብታችሁ 15 ደቂቃ ተዉት፤ አትክልቱን የምትቆርጡት በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ የታረደ ሥጋ ከሆነና ጠንካራ ከመሰላችሁ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈገፈገ ፒር ጨምሩበት። በፒር ፈንታ ፓፓያ ከተጠቀማችሁ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከ20 ደቂቃ በላይም አታቆዩት፤ ሥጋውን ሰባብሮ ያላሽቀዋል።

ካሮቱንና ሽንኩርቱን እንደ ክብሪት እንጨት ቀጠን አድርጋችሁ በቁመት ቁረጡ።

አሁን 3 ሊትር ውሃ አፍሉ። ቀድሞ የሚገባው ስፒናቹ ነው፤ 30 ሰከንድ ብቻ። በጭልፋ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱና በእጃችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት፤ ያልተጨመቀ ስፒናች ኋላ ሳህኑን ውሃ በውሃ ያደርገዋል። ቁንጥር ጨውና ጠብታ የሰሊጥ ዘይት አድርጉበት። በዚያው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ኑድሉን ጨምሩና ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ቀቅሉ። አዲስ አበባ ላይ ወይም ሌላ ከፍታ ቦታ የምታበስሉ ከሆነ በዚህ ሰዓት አትተማመኑ፤ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 2 ደቂቃ ያህል ይጨምርባችኋል። የምትለዩት በጥርስ ነው። አንዱን ስትነክሱት መሃሉ ላይ ነጭ ጠንካራ ክር ካለ አልደረሰም፤ ክሩ ጠፍቶ ግን አሁንም ጥርስን ገፋ የሚያደርግ ከሆነ ደርሷል። ጭራሽ የማይገፋ ከሆነ ጊዜው አልፎታል፤ መጥበሻ ላይ ይላሽቃል።

ማጥለያ ላይ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ለአፍታ አለቅልቁት፤ ላዩ ላይ ያለው ስታርች ነው የሚያጣብቀው። ከዚያ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ አራግፉ። በመቀስ ሁለት ሦስት ጊዜ አቋርጡት። ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ያልተቆረጠ ዳንግምየን እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ስለሚነሳ አትክልቱ ከሥር ይቀራል።

መጥበሻው ላይ ቅደም ተከተሉ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ ነው፤ እንዲህ ከሆነ መሃል ላይ ማጠብ አያስፈልግም። መጀመሪያ የተመታው እንቁላል እንደ ስስ ቂጣ ተዘርግቶ በመጠነኛ እሳት ይበስላል፤ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ተጠቅልሎ በቀጭኑ ይቆረጣል። ቀጥሎ ሽንኩርት 2 ደቂቃ፣ ካሮት 2 ደቂቃ፣ እንጉዳይ 3 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው፣ በጥቂት ዘይትና በቁንጥር ጨው። ሽንኩርቱ እንደ ወጥ ቁሌት መቅላት የለበትም፤ ነጭነቱን ይዞ ልስልስ ይበል። የወጣውን ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት። ከተከመረ በራሱ እንፋሎት መብሰሉን ይቀጥላል፣ ቀለሙም ይፈዛል።

ሥጋው ሲደርስ እሳቱን አበርቱ። ጥብስ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጥበሻ ከተጨናነቀ ሥጋ ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። ለሁለት ከፍላችሁ፣ አንዱን ዙር ዘርግታችሁ 1 ደቂቃ ሳትነኩት፣ ከዚያ 1 ደቂቃ እያማሰላችሁ ጥበሱት። ማሻው ስኳር ስላለበት ቶሎ ያርራል፤ መጥበሻው ላይ የቀረው ቡናማ ከሆነ ተዉት፣ ለኑድሉ ጣዕም ነው። ጥቁር ከሆነ ግን ጥረጉት፤ ይመርራል።

በዚያው መጥበሻ የኑድሉን ሶስ አፍልታችሁ ኑድሉን ጨምሩ። በመካከለኛ እሳት 3 ደቂቃ ያህል፣ ፈሳሹ ሁሉ እስኪመጠጥና ኑድሉ ቡናማ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ ድረስ አገላብጡ። ጣዕም ወደ ኑድሉ የሚገባው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ቀዝቅዞ ሶስ የፈሰሰበት ኑድል ላዩ ጨው ይበዛበታል፣ ውስጡ ግን አልጫ ሆኖ ይቀራል። ኑድሉ ከተጣበቀባችሁ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ዘይት አትጨምሩ፤ ሶሱን እንዳይጠጣ ያደርገዋል።

እሳቱን አጥፉ። ሥጋውን፣ አትክልቱን፣ ስፒናቹን፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይትና ቁንዶ በርበሬ ጨምራችሁ ጓንት አድርጋችሁ በእጅ አዋህዱ፤ ማንኪያ ኑድሉን ይበጥሰዋል። ቅመሱ። ጨው ካነሰው 1 የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ ጨምሩ። ጨው ከበዛበት ግን ስኳር አያድነውም፤ ተጨማሪ ካሮትና ሽንኩርት ያለ ጨው ጠብሳችሁ ቀላቅሉበት። እንቁላሉና ሰሊጡ ከላይ ይሆናሉ። ኪምቺ (በቅመም የተብላላ የኮሪያ ጎመን) ካለ ከጎን ይቅረብ፤ ቅባቱን ያቀልለዋል።

ለጾም ሲሆን ሥጋውንና እንቁላሉን አውጡና እንጉዳዩን ወደ 300 ግራም አሳድጉ፤ የሥጋውን ማሻ ለእሱ ስጡት፤ በብርቱ እሳት ውሃው ደርቆ ዳሩ ቡናማ እስኪል ጥበሱት። ግሉተን (በስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የማይስማማው እንግዳ ካላችሁ ዳንግምየኑ ስንዴ የለበትም፤ አብዛኛው ሶያ ሶስ ግን አለበት፣ ማሸጊያውን አንብቡ።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ ቀድሞ የሚበላሸው ስፒናቹ ነው። ኑድሉ በማግስቱ ነጭ ሆኖ ደርቆ ብታገኙት አልተበላሸም፤ ስታርቹ በቅዝቃዜ ጠንክሮ ነው። መጥበሻ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አድርጋችሁ፣ ከድናችሁ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ ከፍታችሁ ሌላ 2 ደቂቃ ስታገላብጡት እንደገና ይለሰልሳል፣ ብርሃንም ያሳልፋል።