ለ1932ቱ ፎርድ የሚስማማውን ጥቁር እንዴት አገኘሁት

የ1932 ፎርዴን የማድሰው በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሠሩ እንደነበሩት ሆት ሮዶች (ለፍጥነት ተብለው የተሻሻሉ አሮጌ መኪኖች) ነው። ያስቸገረኝ ቀለሙ ነበር። ጋራዡ ያሳየኝ ናሙና ላዩ ላይ ክሊርኮት (ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን) አለው፤ ከመጠን በላይ ያበራል፣ ፕላስቲክ ይመስላል። የብረት ብናኝ ያለበትም ቀረበልኝ፤ እሱ ደግሞ የ1960ዎቹ ፋሽን ነው።

ብዙ ሰው «በቃ፣ ደብዛዛ ጥቁር ቀባው» ይላል። እኔ አልስማማም። የዚያ ዘመን ወጣቶች በፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚቀባው ደብዛዛ መሠረት) ብቻ የሚነዱት ባብዛኛው ለቀለም የሚሆን ገንዘብ እስኪሞላላቸው ነው። ያለቀለት መኪና ላከር (ቶሎ የሚደርቅ አንጸባራቂ ቀለም) ተቀብቶ በእጅ ይወለወል ነበር። እንዴት ያምር እንደነበር!

ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው የድሮው ላከር ግን ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጠቃል፤ የካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ደንብም እንዲህ ባሉ ቀለሞች ላይ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ሲንግል ስቴጅ ዩሬታን የሚባለውን ዘመናዊ ቀለም በጥቁሩ መረጥኩ። ቀለሙና ማንጸባረቂያው አንድ ላይ ስለሆነ ክሊርኮት አይፈልግም። በደንብ ከደረቀ በኋላ በ1500፣ ቀጥሎ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያደረግኩ አሸሁት። ከዚያ በፖሊሽ በእጄ ወለወልኩት። ጠርዝ ላይ ቀለም ቶሎ ስለሚገፈፍ የኮፈኑን ጠርዞች አስቀድማችሁ በቴፕ ሸፍኑ።

አሁን የፕላስቲኩ መልክ የለም፤ ጥቁሩ ጥልቅና ለስላሳ ነው። ዳሽቦርዱንም በዚሁ እቀባዋለሁ።