የዴስክቶፕ ባዮስ አፕዴት፦ መቼ ያስፈልጋል? እንዴትስ ይደረጋል?

ባዮስ በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ቢበላሽ እንደገና ይጫናል፤ ባዮስ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ከቀረ ግን ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ቨርዥን መውጣቱ ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። አፕዴቱ የሚፈታልዎትን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ይተውት።

በቂ ከሚባሉት ምክንያቶች ዋነኛው ፕሮሰሰር መቀየር ነው። ኤች110 ቺፕሴት (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ 6ኛ ጀነሬሽን ይዞ ከተሸጠ 7ኛውን፣ ለምሳሌ ኮር አይ5-7400ን፣ የሚያውቀው ባዮሱ ሲታደስ ነው። ራይዘን 5 5600 ገዝተው ቆየት ያለ ቢ450 ቦርድ ላይ ሊያስገቡ ሲሉም እንዲሁ። በአብዛኞቹ ቦርዶች ላይ አፕዴቱ የሚሠራው አሮጌው ፕሮሰሰር ቦታው ላይ እያለ ነው፤ አዲሱን ቀድመው ካስገቡ ኮምፒውተሩ ስለማይነሳ ወደ ባዮሱ መግቢያ ያጣሉ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ 8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል በ6ኛውና በ7ኛው ሶኬት ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ ኤች110 ላይ ግን በኩባንያው ባዮስ አይሠራም። ከመግዛትዎ በፊት የማዘርቦርዱን የፕሮሰሰር ዝርዝር በአምራቹ ድረ ገጽ ያንብቡ፤ ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ጎን ዝቅተኛው የባዮስ ቨርዥን ተጽፏል።

ሁለተኛው፣ 13ኛ ወይም 14ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ7 እና አይ9 ዴስክቶፕ ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ኢንቴል ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እነዚህን ፕሮሰሰሮች ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ አምኖ በ2024 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ አውጥቷል፤ ማስተካከያው የሚመጣው በባዮስ አፕዴት ነው። እነዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ ያድርጉት። የተጎዳውን ፕሮሰሰር ግን አያድነውም። ከዚህ ሌላ አምራቹ ከአፕዴቱ ጋር በሚያወጣው ማስታወሻ ላይ የጠቀሰው የደኅንነት ክፍተት፣ ወይም እርስዎ በትክክል የሚያዩት ብልሽት ካለ ያስኬዳል።

በስህተት የሚታሰቡት ምክንያቶች ይበዛሉ። ኮምፒውተሩ ስለቀረፈፈ ባዮስ ማደስ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚያስፈልገው ኤስኤስዲ ወይም ራም ነው። በተነሳ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ የሚዛባ ከሆነ ሲአር2032 የምትባለዋን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ይቀይሩ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ካበቃ ወዲህ ደግሞ «ባዮስ ሲታደስ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል» የሚል ወሬ አለ። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል የሚደግፈው በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ስለሆነ 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን የያዘውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050ን ባዮስ አያሻግረውም። 8ኛ ጀነሬሽን በያዘው 7060 ላይ ከሆኑ ደግሞ ቲፒኤም እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደኅንነት አማራጮች ባዮሱ ውስጥ መብራታቸውን ብቻ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አፕዴት ሳያስፈልግ እዚያው ያልቃል።

ምክንያቱ ከተገኘ ቀጣዩ ትክክለኛው ፋይል ነው። በዊንዶውስ መፈለጊያ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ይክፈቱ፤ የባዮሱ ቨርዥንና የማዘርቦርዱ ሞዴል እዚያው አሉ። ዴል ከሆነ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ሰርቪስ ታግ ዴል ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። በተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ ቦርዱ ጥግ የተጻፈውን ሪቪዥን ጭምር ያንብቡ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ሪቪዥኑ የተለያየ ቦርድ የተለያየ ባዮስ ሊኖረው ይችላል። ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ በቴሌግራም የሚዞረውን አይንኩ። ማስታወሻው «መጀመሪያ ይህን ቨርዥን ጫን» ካለ መካከለኛውን አይዝለሉ፤ «ለአሮጌ ፕሮሰሰሮች ድጋፍ ተነስቷል» ካለም የእርስዎ እንዳይነካ ያረጋግጡ።

አሁን መብራት። ባዮሱን ቺፑ ላይ መጻፉ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም መብራት የምትሄደው በየትኛዋ ደቂቃ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስታቢላይዘር እዚህ አይጠቅምም፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ግድ ነው። ዩፒኤሱንም አስቀድመው ይፈትኑት፦ ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ሥራዎን አስቀምጠው፣ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ይንቀሉ። 15 ደቂቃ ካልያዘ ለዚህ ሥራ አይመኑት። ከያዘ መልሰው ቻርጅ ያድርጉት። ዩፒኤስ ማግኘት ካልቻሉና መብራት የሚመላለስበት ሰሞን ከሆነ ሌላ ቀን ይጠብቁ።

ከዚያ ባዮሱ ውስጥ ገብተው እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱ። አፕዴት ሴቲንጉን ወደ ፋብሪካው ሊመልስ ይችላል፤ በተለይ ሳታ የሚለው (ዲስኩ የሚሠራበት መንገድ) ኤኤችሲአይ ይሁን ሬይድ ልብ ይበሉ። ዲስክዎ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፎ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጡና ጥበቃውን ለጊዜው ሰስፔንድ ያድርጉ። ያለዚያ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ሲጠይቅዎት መልስ ያጣሉ። ራሙን ወይም ፕሮሰሰሩን ከፍጥነቱ በላይ እያስኬዱ ከነበረም ወደ መደበኛው ይመልሱ፤ ያልተረጋጋ ራም ፋይሉን እያበላሸ ሊጽፍ ይችላል።

ባለ 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ በፋት32 ፎርማት ያድርጉ። ብዙ ባዮስ ኤንቲኤፍኤስ አያነብም። ፋይሉ ዚፕ ከሆነ ይፍቱት፤ ፍላሹ ላይ የሚቀመጠው ከውስጡ የወጣው ነው፣ በፎልደር ሳይሆን በግልጽ። ዴል ሲነሳ ኤፍ12 ይጫኑና «ባዮስ ፍላሽ አፕዴት» ይምረጡ። ኤችፒ ላይ ከአምራቹ የወረደው ፕሮግራም የሪከቨሪ ፍላሽ ያዘጋጅልዎታል፤ ኤፍ10 ተጭነው በባዮሱ ውስጥ ያስኬዱታል። በተገጣጠመ ኮምፒውተር ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጭነው ይገባሉና ኤሱስ ላይ ኢዚ ፍላሽ፣ ጊጋባይት ላይ ኪው-ፍላሽ፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤም-ፍላሽ ይፈልጋሉ። ከዊንዶውስ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራምም አለ፤ ነገር ግን መሐል ላይ አንድ ሌላ ፕሮግራም ቢያንቀው ዕዳው የእርስዎ ስለሆነ ከባዮሱ ውስጥ ማድረጉ ይሻላል።

ከተጀመረ በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ። ስክሪኑ ሊጠቁር፣ ፋኑ ሊጮህ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል፤ ዲዲአር5 ራም ያላቸው ቦርዶች ራሙን ሲለማመዱ ደቂቃዎች ይፈጃሉ። ፓወር የሚለውን መጫን የሚያምርዎት በዚህ ጊዜ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይንኩት። ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቲፒኤም) ይሰረዝ ወይ ብሎ ዋይ ወይም ኤን ሲጠይቅ፣ ቢትሎከር ካለዎት ቁልፉን ሳይዙ ዋይ አይጫኑ።

ሲጨርስ ወደ ባዮሱ ተመልሰው በፎቶው መሠረት ያስተካክሉ። ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ አልነሳ ካለ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ሳታው ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ስለተቀየረ ነው፤ ወደ ነበረበት ሲመልሱት ይነሳል።

ካልተሳካና ስክሪኑ ጨርሶ ካልመጣ፣ ከ6ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉ ብዙ ዴሎች ላይ ኮንትሮልና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይዘው ያብሩት፤ የሪከቨሪ ገጽ ሊመጣ ይችላል። ባዮስ ፍላሽባክ የሚባል ቁልፍ ያላቸው ቦርዶች ፕሮሰሰር ባይኖርባቸውም ፓወር ሰፕላዩ እስከተሰካ ድረስ ከፍላሹ ይጽፋሉ፤ ፋይሉ መመሪያው ያዘዘውን ስም መያዝና ፍላሹ ምልክት ባለበት ዩኤስቢ ቀዳዳ መሰካት አለበት። እነዚህ ከሌሉ የሚቀረው ጥገና ቤት ሄዶ ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ ቺፑ ላይ በቀጥታ ማስጻፍ ነው። ያኔ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቺፑ ባለ 3.3 ወይስ ባለ 1.8 ቮልት ነው? ከመጻፉ በፊትስ አሮጌው ይዘት ተነቦ ተቀምጧል? አሮጌው ውስጥ የኮምፒውተሩ ሲሪያል ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም የኔትወርኩ ማክ አድራሻ (ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) አለ። የሌላ ማሽን ባዮስ እንዳለ ከተገለበጠበት የዚያን ማሽን አድራሻ ይወርሳል፤ ሁለቱ አንድ ቢሮ ውስጥ ሲገናኙም ኔትወርኩ ይቆራረጣል።