ለጌም ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ የጌም ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ብዙ ሰዎች በጀታቸውን በቅድሚያ ለግራፊክስ ካርድና ለፕሮሰሰር ይመድቡና ፓወር ሰፕላዩን በተረፈው ገንዘብ ይገዛሉ። ፓወር ሰፕላይ ግን ለሁሉም ክፍሎች ኃይል የሚያደርስ በመሆኑ፣ ጥራት ከሌለው ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ግራፊክስ ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ግራፊክስ ካርዱ በሚመረጥበት ጊዜ አብሮ ሊታሰብበት ይገባል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የተለመደው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን የዋት ቁጥር ብቻ አይቶ መግዛት ነው። ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት ኃይል የሚያገኙት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ፣ መታየት ያለበት ይህ መስመር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሰጥ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ፤ በ12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 ሲያባዙት የመስመሩን ዋት ያገኛሉ። «600 ዋት» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ በዚህ መስመር 30 አምፔር ብቻ ካለው፣ ለጌም የሚጠቅመው አቅሙ 360 ዋት ነው፤ ቀሪው የዛሬ ኮምፒውተሮች እምብዛም ለማይጠቀሙባቸው ለ3.3 እና ለ5 ቮልት መስመሮች የተቆጠረ ነው። በጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን የ12 ቮልቱ ዋት ከጠቅላላው ጋር እኩል ወይም በጣም የተቀራረበ ነው። ሠንጠረዡ ጭራሹኑ ከሌለ ዕቃውን መተው ይሻላል።

ሳያሰሉ በግምት መግዛትም ሌላው ስህተት ነው። ለምሳሌ የአርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድ የኃይል ፍጆታ 200 ዋት ሲሆን፣ ኮር አይ7-14700ኬ ፕሮሰሰር በከፍተኛ ጫና 253 ዋት ድረስ ሊወስድ ይችላል፤ ለማዘርቦርድ፣ ለሜሞሪ፣ ለኤስኤስዲና ለፋኖች 80 ዋት ገደማ ቢጨመር ድምሩ 530 ዋት አካባቢ ይሆናል። ለዚህ ኮምፒውተር ጥራት ያለው 750 ዋት ሙሉ በሙሉ ይበቃዋል፤ 1000 ዋት መግዛት በእኔ እምነት ለተሻለ ጥራት ሊውል የሚችልን ገንዘብ ማባከን ነው። ድምሩን ልክ በልክ የሚሸፍን መግዛትም ቢሆን አያዋጣም፤ ምክንያቱም ኃይለኛ ግራፊክስ ካርዶች እጅግ አጭር ለሆነ ጊዜ ከተለመደው ፍጆታቸው በጣም የላቀ ኃይል ይስባሉ። ይህን መቋቋም ያቃተው ፓወር ሰፕላይ በጌሙ መሃል ኮምፒውተሩን ድርግም ያደርገዋል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን ከግራፊክስ ካርዱ ወይም ከዊንዶውስ ሲፈልግ ይከርማል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው የፓወር ሰፕላይ አሠራር ደረጃ ለአዲሶቹ ካርዶች የተዘጋጁ ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮሰከንድ የአቅማቸውን እጥፍ እንዲችሉ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የ80 ፕላስ ምልክትን የጥራት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። ምልክቱ የሚናገረው ከግድግዳ ከሚወሰደው ኃይል ምን ያህሉ ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስ ብቻ ነው። ውጤታማነቱ 90 በመቶ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ለኮምፒውተሩ 500 ዋት ሲሰጥ ከግድግዳው 556 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ከተጻፈው አቅሙ ላይ የሚቀነስ አይደለም። የቮልቴጁን መረጋጋት፣ እንዲሁም ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ወይም ሾርት ሲፈጠር የሚቆርጠው መከላከያ በትክክል መሥራቱን ለማወቅ፣ ዕቃውን በመሣሪያ የፈተሹ ሰዎች የጻፉትን ማንበብ ያስፈልጋል።

እጅግ የሚያሳዝነው ግን ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ የተረፉ ኬብሎችን በአዲሱ ላይ መሰካት ነው። ተነቃይ ኬብሎች በግራፊክስ ካርዱና በማዘርቦርዱ በኩል ያላቸው ጫፍ አንድ ወጥ ደረጃ ሲኖረው፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚሠራው። መሰኪያው ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን 5 ቮልት በሚጠበቅበት ሽቦ 12 ቮልት ከመጣ ሀርድ ዲስኩ በቅጽበት ይቃጠላል፣ በውስጡ ያለው ፋይልም አብሮ ይጠፋል። የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ከዕቃው ጋር በአንድ ካርቶን ከመጣው ኬብል ውጭ አይጠቀሙ።

በአርቲኤክስ 4090 ላይ ከ2022 ጀምሮ የታየው የባለ 16 ፒኑ መሰኪያ መቅለጥም ትምህርት ይሰጣል። ከምክንያቶቹ አንዱ መሰኪያው እስከ መጨረሻው ሳይገባ መቅረቱ ነበር፤ ስለዚህ በመሰኪያውና በካርዱ መካከል ክፍተት እስከማይታይ ድረስ ይግፉት፣ ኬብሉንም ከሥሩ አይጠፉት። ባለ 8 ፒን መሰኪያ ለሚጠቀሙ ካርዶች ደግሞ አንዱ መሰኪያ የተሠራው ለ150 ዋት በመሆኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት መሰኪያ ላለው ካርድ ከአንድ ኬብል የተቀጠለውን ከመጠቀም ለእያንዳንዱ የተለየ ኬብል መዘርጋት ይመረጣል።

በመጨረሻም ከመክፈልዎ በፊት የኬዙን (ክፍሎቹ የሚገጠሙበትን ሳጥን) መግለጫ ያንብቡ። የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ወርዱ 150፣ ከፍታው 86 ሚሊሜትር ቢሆንም፣ ርዝመቱ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ተነቃይ ኬብሎች ከኋላው ሲሰኩም ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋሉ። ትንንሽ ኬዞች ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት ኤስኤፍኤክስ የተባለውን አነስተኛ መጠን ብቻ ነው።